ጉዳዩ ይደር፣ እኔን ግን እንዳታሳድሩኝ

በሕግ አምላክ፣ ውሸት ነው በሉኝ።

ጠዋት የመጋቢ አድማሱ ልጅ ሰላማዊት ስትደውል ቁርስ ላይ ነበርኩ። «አባዬ አረፈ» አለችኝ። «የትኛው አባትሽ?» አልኳት። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ጅል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባለፈው ሳምንት በገዛ እግራቸው ሚኒባስ ተሳፍረው ለምርመራ ጎንደር የወረዱ ሰው፣ በመስኮት እጃቸውን እያወዛወዙ የተሰናበቱኝ ሰው፣ እንዴት ብዬ ልመን?

መጋቢ አድማሱን ለማታውቋቸው፦ እዚህ ደባርቅ የአንዲት ትንሽ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት አገልጋይ ነበሩ። ምእመናኑ ተሰብስበው አንድ ሚኒባስ አይሞሉም። የከተማው ሰው «ጴንጤው» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ «አቤት» ይላሉ። ለስድብ ሲጠሯቸውም ለጉዳይ ሲጠሯቸውም ያው «አቤት» ነው።

መኪና በማይደርስባቸው ጎጦች እየዞሩ «በየመንደራችሁ አንድ ቃሬዛ ይኑር፣ ተሸካሚም በተራ ይመደብ» ብለው ሰውን ያሳመኑት እሳቸው ናቸው። አንድ ክረምት እኔም አብሬያቸው ወጣሁ። ምጥ የጠናባት ሴት ተሸክመን ቁልቁል ስንወርድ ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል። ትከሻዬ ደነዘዘ፣ ደከመኝ ማለት አፈርኩ። ከኋላዬ መጥተው «ተራዬ ነው፣ ስጠኝ» አሉኝ። ተራቸው አልነበረም፤ ካወረዱ ገና አፍታም አልሆናቸው። ሴትዮዋም ልጇም ተረፉ።

ተፈናቃይ በመጣ ጊዜ የጸሎት ቤቱን አግዳሚዎች አውጥተው አዳራሹን ለሰው ለቀቁ። እስላሙም ክርስቲያኑም እዚያ አደረ። እሁድ እሁድ እሳቸው ደጅ ቆመው ይሰብኩ ነበር፣ ለራሳቸው ምእመናን ብቻ። መቼስ ከተፈናቃዩ አንዱን ሊሰብኩ ነው ብዬ ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቅ ከረምኩ። አንድም ቀን አልያዝኳቸውም።

አባቴ ሲሞት ሬሳውን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ተሸከሙ። ቄሶቹን ላለማስቸገር ሁልጊዜም በሩ ላይ ቃሬዛውን አስረክበው ውጭ ይቀራሉ። ፍትሐቱ ሳያልቅ በረዶ ወረደ። ቀብረን ስንወጣ ከጽዱ ሥር ብስብስ ብለው ቆመዋል።

«ምነው መጋቢ፣ ቤትዎ አይሄዱም ነበር?»

«ለቀስተኛ ሳይመለስ ቤት ይኬዳል እንዴ፣ ልጄ?»

እንግዲህ ወደማፍርበት ልምጣ።

ባለቤታቸው ስታርፍ ደባርቅ ውስጥ ለነሱ የሚሆን መቃብር ስላልነበረ ጎንደር ነው የተቀበረችው። ያን ቀን እኛ እድርተኞች በሚኒባስ ሸኝተን መጣን፣ «አይዞዎት» አልን፣ አለቀ። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ለእድራችን ማመልከቻ አስገቡ። ከማዘጋጃ ቤት የመቃብር ቦታ ለመጠየቅ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉልን፣ ሌላ ምንም አንፈልግም ነው ያሉት። አንድ ገጽ ደብዳቤ።

የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ሊቀመንበራችን «ሐሳብ ያለው?» ሲሉ ሁሉም ጫማ ጫማውን አየ። እኔም አየሁ። የእኔን አባት የተሸከመ ሰው ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ! ብናገር «ጸሐፊው ጴንጤ ሆነ» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ቃለ ጉባኤው ላይ «በይደር ይታይ» ብዬ ጻፍኩ። በሚቀጥለው ስብሰባም «በይደር»። በሌላውም።

በመጨረሻው ስብሰባ ስንወጣ ክንዴን ይዘው አስቆሙኝ።

«ጸሐፊ፣ እንዴት ብለህ ጻፍከው?»

«በይደር፣ መጋቢ።»

ሳቁ። «ይሁን፣ ጉዳዩ ይደር። እኔን ግን እንዳታሳድሩኝ። አደራ!»

አብሬ ሳቅሁ። በእኛ አገር ሬሳ ማሳደር ነውር እንደሆነ እያወቅሁ ሳቅሁ።

ዛሬ ሰላማዊት ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት «ጋሼ፣ አባዬ ከሰው ጋር ደባርቅ ቅበሩኝ ብሏል። ማዘጋጃ ቤት ደውዬ፣ ቦታ ይሰጣችኋል፣ ግን የእድሩን ደብዳቤ አምጡ አሉኝ። ያ ደብዳቤ ወጥቶ ነበር?» አለችኝ። ምን ልበላት? «እስቲ ልየው» አልኳት። የሚታይ ነገር እንደሌለ እያወቅሁ።

አሁን ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ለዛሬ ቀብር አይደርስም። አስከሬኑ ጎንደር ሊያድር ነው።

ደብዳቤውን ጽፌዋለሁ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ማኅተሙ ድሮም እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። የቀረው የሊቀመንበሩ ፊርማ ነው። ስደውልላቸው «ጉባኤ ሳይጠራ እንዴት አድርጌ ልፈርም፣ ሰው ምን ይለኛል?» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም፤ የኔው ፍርሃት ነው።

የእድራችን አባላት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ፣ ወደ ሊቀመንበሩ ቤት እየሄድኩ ነው። ኑ። ጉባኤው እደጃቸው ይሁን። ከመሐላችን መጋቢ ያልተሸከሙለት ሰው ካለ እሱ ይቅር።

መጋቢዬ፣

አንድ አደራ ሰጡኝ፣ እሱንም በላሁት። ሌላው ቢያሳብብ ያሳብብ፣ ዛሬ ያሳደርኩዎት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ እንዳልልዎት፣ ከበደልኩዎት ቀን ጀምሮ ይቅር ብለውኝ ነበር፤ እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ነገ መኪናው ዳባትን አልፎ ሲመጣ መንገድ ላይ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ። ደብዳቤው ይፈረም አይፈረም፣ ወዴት እንደምንወስድዎት አሁን አላውቅም። ትከሻዬን ግን ይዤ እመጣለሁ።

ደህና ይደሩ፣ መጋቢ። ነገ ተራዬ ነው።