ጀማል የዳራቸው

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ አሰበ ተፈሪ ከተማ አዳራሽ ገብቼ ፊልም አይቼ አላውቅም፤ ግን የማላውቀው ፊልም አልነበረም። እናቴ «ሴት ልጅ ጨለማ ውስጥ ከወንድ ጋር ተጋፍታ አትቀመጥም» ብላ ስለከለከለችኝ፣ እሁድ ከሰዓት ፊልሙን ይዞልኝ የሚመጣው ታላቅ ወንድሜ ጀማል ነበር።

እናቴ ግቢያችን ውስጥ ጫት በሙዝ ቅጠል ስትጠቀልል፣ ጀማል ከበሩ ጀምሮ እየወደቀ ይገባል። ድምፅ አልባ አስቂኝ ፊልም አይቶ ከሆነ አግዳሚ ወንበሩ ይገለበጥበታል፣ ውኃ የሞላ ሳፋ ውስጥ ይቀመጣል፣ የማይታይ ፖሊስ እያባረረ ግቢውን ያዞረዋል። እኔ ሆዴን ይዤ እንከባለላለሁ። «ወላሂ አንድ ቀን አጥንትህን ትሰብራለህ!» ትላለች እናቴ፣ የሳቅ እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች።

የህንድ ፊልም ሲሆን ደግሞ ቃሉ ሳይገባው ዘፈኑን ያንቆረቁረዋል። እናቴ አንዱን አብልጣ ትወደው ነበር፤ ድሃው ጎረምሳ ከወንዝ ማዶ ላለችው ልጅ የሚዘፍነውን።

«መጨረሻ ላይ ተገናኙ?» ትለዋለች ሁልጊዜ።

«ተጋቡ እንጂ! ሰርጉን ብታዪው!»

ከዚያ የውትድርና አፈሳ መጣ። እናቴ ጀማልን ሂርና፣ አክስታችን ቤት ደበቀችው። ያ እናቴ የምትወደው ፊልም እንደገና ሊታይ ነው ሲባል ግን አላስቻለውም፤ ተሳፍሮ መጣ። «ሁለተኛው ስንኝ ጠፍቶኛል፤ ሰምቼ እመለሳለሁ» አለን። ፊልሙ ሳያልቅ የአዳራሹ መብራት በራ። ታጣቂዎች በሩን ይዘውት ነበር። እናቴ ነጠላ ጫማዋን ጥላ ስትደርስ፣ ልጆቹን የጫነው መኪና የሚኤሶን መንገድ ይዟል።

ጀማል አልተመለሰም። እናቴ እስክትሞት ድረስ እሁድ ከሰዓት የግቢውን በር አትዘጋም ነበር።

ዛሬ ሁሉም ፊልሙን በየስልኩ ለብቻው ያያል፤ ለሌላው ብሎ የሚወድቅ የለም። በቀደም ልጄ የቆዩ የህንድ ዘፈኖች ስትከፍት ያ ዜማ መጣ። «ይሄን አትለፊው» አልኳት። ፊልሙን ፈልጋ ከፈተችልኝና በዚህ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ጎረምሳውን ወንዙ ወሰደው። ልጅቷ ማዶ ቆማ ቀረች። ሰርግ የሚባል ነገር የለም።

ለካ ጀማል ነበር የዳራቸው፣ እናታችን እንዳታለቅስ ብሎ።

«እማ፣ ምነው? ፊልም እኮ ነው» አለችኝ ልጄ።

«መጨረሻው እንዲህ አይደለም» አልኳት።