ጣት ላይ ያረፈ ክር

የልጄ ባል ከአሜሪካው ፖቶማክ ወንዝ ያመጣው አሣ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤታቸው ሲንክ ውስጥ ተጋድሞ ነበር። ዎልአይ ይሉታል። ጎኑ ወርቅማ ነው፤ ዓይኑ ግን ሞራ የለበሰ ይመስላል። የልጅ ልጄ ሶልያና ጎንበስ ብላ አየችውና «እማማ፣ ሂ ኢዝ ብላይንድ» አለች፤ ዕውር ነው ማለቷ ነው። አባቷ ሳቀ፤ በድፍርስ ውሃና በጨለማ ከብዙ አሣ የተሻለ የሚያየው በዚያ ዓይኑ እንደሆነ ነገራት። እኔ ቢላዋውን እንደያዝኩ ቆምኩ። እንዲህ ያለ ዓይን የማውቀው የአባቴን ነው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ጣና ዳር ነበር። አባቴ አሣ አጥማጅ ነው፤ መረብ ግን አልነበረውም። በሰም የታሸ ሲባጎ፣ አንድ መንጠቆና ክሩን ወደ ታች የሚጎትት የብረት ቁራጭ፤ ዕቃው ይኸው ነበር። ክሩን ከታንኳው ጎን ይለቀውና ብረቱ መሬት ሲነካ ትንሽ ከፍ አድርጎ በሌባ ጣቱ ላይ ያሳርፈዋል። ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። ታንኳው የተሠራበት የረጠበ ደንገል ይሸታል፣ ውሃው ከታች ታንኳውን ይልሰዋል፣ አባቴ ጣቱን ያዳምጣል።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ የሁለቱም ዓይኖቹ ብርሃን ደከመ። መጀመሪያ የቀረበለትን ዋንጫ ስቶ ጎን ጎኑን ይዳስስ ጀመር፤ ቀጥሎ በደጅ የሚያልፈውን ሰው በድምፁ ብቻ ይለይ ጀመር። የእናቴ ወንድም አጎቴ ይመኑ ይህን አይቶ ተቆጣ። የደንገል ታንኳ ከጥቂት ወራት በላይ አይቆይም፤ ይበሰብሳል። አዲሱን የሚሠራልን ደግሞ እሱ ነበር። አንድ ቀን ደጃችን ቆሞ «ዕውርና ሕፃን ሐይቅ ላይ ምን ይሠራሉ? አሣው ይስቅባችኋል» አለ።

«ይሳቅ» አለ አባቴ። «አፉን ሲከፍት መንጠቆው ይገባል።»

አጎቴ ሳይወድ ሳቀ። ግን ቁርጡን ተናገረ፤ እኔ ዓይን ሆኜ አብሬው እንድሄድ፣ አንድ ቀን መንገድ ብንስት ግን ሌላ ታንኳ እንደማይሠራ። ሐይቁን ካጣ አባቴ ምን እንደሚሆን ማንም አልጠየቀም። እኔ ግን ዝናብ በያዘን ቀን ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ ጣቶቹን እርስ በርስ ሲያሻሽ አየው ነበር።

ሥራዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ዳርቻው ላይ ያለውን ትልቁን ዋርካ ከዓይኔ አለማጣት። ትምህርት ቤት የምገባው ከሰዓት ስለነበር ጠዋት ጠዋት አብሬው እወጣለሁ። እየቀዘፍኩ ዋርካውን አያለሁ።

አንድ ጠዋት አባቴ ክሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጠኝ። «በእጅሽ አትጠምጥሚው፣ ይቆርጥሻል። እንዲሁ ጣትሽ ላይ ይረፍ» አለኝ። አረፈ። ከታች የሆነ ነገር ነካ ነካ ሲያደርገው ትንፋሼን ያዝኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ቀና ስል ጉም ሐይቁን ሸፍኖታል፤ ዋርካው የለም።

«ዋርካው ይታይሻል?» አለ አባቴ።

«ይታየኛል» አልኩ።

እጁን ዘረጋና ክሩን ተቀበለኝ። ብረቱን ለቀቀ፣ አነሳ፣ ለቀቀ። «ጭቃ ነው። ትንሽ ቅዘፊ» አለ። ቀዘፍኩ። «አሁንም ጭቃ። ወደ ቀኝሽ።» ወደ ቀኝ ቀዘፍኩ። ብዙ ቆይቶ ፊቱ ተፈታ። «ጠጠር። የኛ ጠጠር ነው። እሱን ይዘን እንሄዳለን።» የሐይቁን ወለል ሰው የቤቱን ደጃፍ እንደሚያውቀው ያውቀው ኖሯል። ጉሙ ሳይገለጥ የታንኳችን አፍንጫ አሸዋ ነካ።

አጎቴ ይመኑ ነጠላውን ተከናንቦ ዳር ላይ ቆሟል። «በዚህ ጉም ማን አመጣችሁ?» አለ።

«እሷ ናት» አለ አባቴ። «ዓይኗ እንደ ንስር ነው።»

አጎቴ ራሴን ዳበሰኝ። እኔ ዝም አልኩ። ታንኳው እስከ ክረምት ቆየ፤ ሲበሰብስም አጎቴ ሌላ ሠራ፤ ከዚያም ሌላ። አባቴ እንደዚያ ያለው ለእኔ ብሎ ይሁን ለታንኳው ብሎ አልጠየቅኩትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ዋርካውን ለአፍታም ከዓይኔ አላጣሁትም።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ። ሞራው ለእኔም መጥቶ ነበር። እኔ በምኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሐኪም ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ውስጥ አንዱን ዓይኔን አጥርቶ ሰደደኝ፤ ሁለተኛውን ከሳምንታት በኋላ። ልጄ በመኪና ስትመልሰኝ የመንገዱን ዛፎች ቅጠል አንድ በአንድ አየሁ። ልጄ መድኃኒቱ አቃጥሎኝ የማለቅስ መስሏት ሶፍት አቀበለችኝ።

ያ አሣ ሲንክ ውስጥ ከታየ በኋላ፣ ባለፈው ጸደይ፣ ከነሱ ጋር ወደ ወንዙ ወጣሁ። የልጄ ባል የማጥመጃ ዘንጉን ይዞ ራቅ ብሎ ቆመ። ሶልያናና እኔ ውሃው ላይ ከተዘረጋው የእንጨት መቆሚያ ጫፍ ላይ ተቀመጥን። ከማጥመጃ ዕቃው ሳጥን ክርና ክሩን የሚያሰምጥ እርሳስ ወስጄ መንጠቆ አሰርኩላት፣ ጣቷም ላይ አሳረፍኩት።

«ዌር ኢዝ ዘ ሮድ?» አለችኝ፤ ዘንጉ የት አለ ማለቷ ነው።

«ጣትሽ ነው። ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ጨፈነች። ቆይታ «ሮክስ» አለች፤ ጠጠሩን ማለቷ ነው። ያኔ የአባቴን ነገር አወራኋት፤ በጉሙ ውስጥ ታንኳውን ወደ ዳር የመራሁት እኔ እንዳልነበርኩ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ወዲያው ክሩ ተወጠረ። እጄን ልጨምር ብል በትከሻዋ ከለከለችኝ፤ ጎተተች፣ ለቀቀች፣ ጎተተች። አንድ ባለነጭ ዓይን ዎልአይ እንጨቱ ላይ ወጣ።

አባቷ እየሮጠ መጣ። «ማናችሁ ናችሁ የያዛችሁት?»

ሶልያና አየችኝ። ከዚያም በዚያች በተኮላተፈች አማርኛዋ «እማማ ናት» አለች።

እኔም እንደዚያን ቀን ዝም አልኩ።