ለጎብኚ የወረደ ውሃ

«እንግዲያው ያታለልሽን አንቺ ነሽ» አሉኝ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

እኔ እንኳ ላስቃቸው ብዬ ነበር ያወራሁት። እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የምንከባከባቸው አሮጊት ናቸው፤ ኤጀንሲው የመደበኝ ገላቸውን እንዳጥብ፣ ምሳ እንዳቀርብ፣ ደረጃ ሲወርዱ ክንዳቸውን እንድይዝ ነው። አውሮፓዊት ናቸው። አሜሪካዊ አግብተው መጡ፣ ባልየው ሞቱ፣ እሳቸው ቀሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሥራቸው የአውሮፓ ሕዝብ የከፈለው ግብር የት እንደገባ በእግራቸው እየሄዱ ማየት ነበር። ድልድይ ተሠራ ከተባለ ይሻገሩታል፤ ክሊኒክ ተከፈተ ከተባለ ገብተው አልጋው ላይ ይቀመጣሉ። ሳሎናቸው ውስጥ የራስ ቁር አድርገው የተነሱት ፎቶ አለ፤ ከኋላቸው ሰማያዊ ታፔላ፣ በላዩ ላይ ክብ የሠሩ ቢጫ ኮከቦች። ያን ቀን ፎቶውን ስወለውል «ይሄ ታፔላ እኮ እኛም ትምህርት ቤት በር ላይ ነበር» አልኳቸው። አፌ አያርፍም።

«ምን ተሠራላችሁ?»

«ውሃ።»

«ጥሩ ነበር?»

«አንድ ቀን ነው የመጣው» ብዬ ሳቅሁና ነገርኳቸው።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ታንከሩ ቆመ፣ ቧንቧው ተዘረጋ፣ ታፔላው ተተከለ፤ ውሃ ግን የለም። ከጉድጓዱ የሚስበው ሞተር አልተገጠመም። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም፣ እኛም አልጠየቅንም። ከዚያ ጎብኚዎች ሊመጡ ነው ተባለ። ሁለት ቀን ሙሉ ትምህርት ቀረና ወንዶቹ ግቢውን ሲያጸዱ፣ ሴቶቹ ከወንዝ በጀሪካን እየተሸከምን ታንከሩን ሞላን። ዳይሬክተሩ ከመሃላችን እኔን መረጡ። የአንዲቷን ልጅ ደህና ጫማ አስወልቀው ለእኔ ሰጡኝና ቧንቧው አጠገብ አቆሙኝ። ጎብኚዎቹ ሲመጡ ከፈትኩት። ኮፍያ ያደረገች ሴትዮ እጇን ታጥባ፣ በእርጥብ መዳፏ ፊቷን አበሰችና በአስተርጓሚ «በየቀኑ ይመጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። «በየቀኑ» አልኩ። ተጨበጨበ። መኪኖቻቸው ኮረብታውን ሳይጨርሱ ቧንቧው አየር መትፋት ጀመረ።

አሮጊቷ አልሳቁም። ያንን ቃል ያሉኝ ይሄኔ ነው።

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» አልኳቸው ተናድጄ።

«ታንከሩ ላይ ወጥቼ ውስጡን እመለከት ነበር።»

«ሙሉ ነበር።»

«እንግዲያው አንዲት ልጅ ለብቻዋ ወስጄ እጠይቅ ነበር።»

«እኔን ቢጠይቁኝስ? እዋሽዎት ነበር።»

«ለምን?»

«ተመርጬ ነበራ!»

የምሳቸውን ሾርባ ገፋ አደረጉ። ሾርባው በረደ። ቆይተው ስለ አባታቸው አወሩኝ። የትራም ሹፌር ነበሩ፤ ከደመወዛቸው ግብር ሲቆረጥ ተነጫንጨው አያውቁም፣ የማያውቁት ሰው ልጅ ይማርበታል ይሉ ነበር። «ያንን ሞተር የገዛው እንደ አባቴ ያለ ሰው ነው» አሉኝ። «ውሃው የእናንተ ነበር፤ የት እንደገባ ማወቅ ደግሞ የእሱ። እስከዛሬ የነገረው የለም። አንቺስ ለማን ተናግረሽ ታውቂያለሽ?»

«ለእርስዎ።»

«እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሰዓቴ እስኪሞላ አላነጋገሩኝም። እኔ ደግሞ በዚህ አገር ደህና አድርገው የሚያነጋግሩኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ከአሌክሳንድሪያ ቢጫውን የባቡር መስመር ይዤ፣ መሃል ከተማ ቀዩን ቀይሬ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እስክደርስ ከማንም ጋር አላወራም። ሳምንቱን ሙሉ ስሜን የምትጠራው የኤጀንሲው ደዋይ ብቻ ናት፤ እሷም አስተካክላ አትጠራውም። እሁድ ቸርች ሁሉም አቅፎ ይስመኛል፣ ተባረኪ ይለኛል፣ ከዚያ ሁሉም ወደ መኪናው። እኔ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ያቀፉኝ ሰዎች መኪና በየተራ ሲያልፍ አያለሁ።

የምኖረው ዳይሬክተሩ ቤት ነው። አዎ፣ ያው ዳይሬክተር። ዲቪ ደርሷቸው ከባለቤታቸው ጋር ቀድመውኝ መጡ፤ አሁን ክሪስታል ሲቲ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራሉ፣ የቸርቻችን ሽማግሌም ናቸው። ለእኔም ሲደርሰኝ በዚህ አገር አድራሻ የሚሰጠኝ ሰው ከእሳቸው ሌላ አላውቅም ነበር። ደወልኩ። «ነይ ልጄ» አሉኝ። ኤርፖርት መጥተው ተቀበሉኝ፤ ባለቤታቸው የራሳቸውን ወፍራም ኮት አውልቀው አለበሱኝ። ከቤቱ ሥር ያለውን ቤዝመንት ሰጡኝ። ኪራይ አምጪ ብለውኝ አያውቁም። ይህን የምጽፈው ክፉ ሰዎች ናቸው እንዳይባል ነው። አይደሉም።

አሮጊቷ ካኮረፉኝ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ጋሼ፣ ዳይሬክተሩን እንዲህ ነው የምላቸው፣ ከላይ ሆነው ጠሩኝ። ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግተዋል። ባለቤታቸው እትዬ ዕቃ ያጥባሉ።

«ለትምህርት ቤታችን ደስ የሚል ነገር መጥቷል» አሉ። ቸርቹ ሊያዋጣ ነው፤ እኛ ያዋጣነውን ያህል ደግሞ ከአውሮፓ የሕዝብ ገንዘብ ይጨመርበታል። አዲስ ጉድጓድ፣ አዲስ ሞተር። ሰጪዎቹ አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል፤ የበፊቱ ውሃ እንዴት እንዳገለገለ ከተጠቃሚዎቹ አንዱ በፊርማው እንዲመሰክር። ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል፣ በቆንጆ እንግሊዝኛ። ውሃው ለብዙ ዓመት አገልግሎ አሁን አርጅቷል ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም አለ።

«ሳይን አድርጊልኝ። ነገ ደግሞ መድረክ ላይ ወጥተሽ ሁለት ደቂቃ ትናገሪያለሽ። ከሁሉም አንቺን ነው የመረጥኩት።»

«ጋሼ፣ አላገለገለም እኮ።»

የሳህኑ ድምፅ ቆመ።

«ያለፈ ነገር ነው፣ ልጄ።»

«ሞተሩ የት ገባ?»

«እኔ ነኝ የበላሁት?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «በዓይኔም አላየሁት! ከላይ፣ አለቆቹ ጋ ነው የቀረው። ጎብኚ ሊመጣ ነው፣ ውሃ ካልወረደ ፕሮጀክቱ ይዘጋል፣ አንተም ትነሳለህ አሉኝ። ምን ላድርግ?»

«ለሰጪዎቹ መጻፍ ይችሉ ነበር።»

«ለሰጪዎቹ!» ሳቁ። «እዚያ አሮጊት ቤት ትምህርት ጀምረሻል መሰለኝ። እሺ፣ አልሠራም ብለን እንጻፍ። ምን የሚሉ ይመስልሻል? ሌባ ናቸው ብለው ይዘጉታል። ማን ነው የሚጠማው? እኔ? አንቺ? አንቺማ እዚህ ስትከፍቺው ሙቅና ቀዝቃዛ ይመጣልሻል። የሚሸከሙት እዚያ ያሉት ሴቶች ልጆች ናቸው።»

እውነታቸውን ነው፤ አሁንም ሳስበው እውነታቸውን ነው። ትከሻዬ ላይ የጀሪካኑ ገመድ ያሻከረው ቦታ አለ፣ እጄ ሳላዘው ወደዚያ ሄደ። እስክሪብቶውን ሰጡኝ። ተቀበልኩ። ብፈርም ምን ነበረበት? ቤዝመንቴ ይቆያል፣ ነገ መድረክ ላይ እወጣለሁ፣ ሰው ስሜን ይጠራል።

«ሞተሩ እንደገና ቢቀርስ?» አልኩ። «ልጆቹ ደግመው ለጎብኚ ይሸከማሉ። የበፊቱ ሠርቷል ብዬ የፈረምኩት እኔ፣ ያኔ ምን እላለሁ?»

እትዬ እጃቸው አረፋ እንደሆነ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ በበላሽበት ቤት! ኤርፖርት ላይ በነጠላ ጫማ ስትንቀጠቀጪ ማን ነው የተቀበለሽ?»

«እናንተ ናችሁ፣ እትዬ። አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ፈርሚያ!»

ደብዳቤውን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው። በአማርኛ ጻፍኩበት፣ እንግሊዝኛዬ እንደ ጋሼ አያምርም። ሞተር አልተገጠመም። ውሃውን ከወንዝ ያመጣነው እኛ ነን። ቧንቧውን ከፍቼ በየቀኑ ይመጣል ያልኩት እኔ ነኝ። አሁንም ውሃ የላቸውም፤ እባካችሁ ሥሩላቸው፣ ግን ስትመጡ አንዷን ልጅ ለብቻዋ ጠይቁ። ከሥሩ ፈረምኩ።

ጋሼ፣ ድሮ ፈተና ሲያርሙ እንደሚያደርጉት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ይቀዳድዱታል ብዬ ነበር። አጥፈው የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«ይሄንን አልልከውም» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺም ይሄን ጽፈሽ እዚህ ቤት እንዴት አብረን እንኖራለን? ነገ ቸርች ምን ብዬ አቆምሻለሁ?»

«አያቁሙኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ...» አሉና ሳይጨርሱት ተነስተው ጓዳ ገቡ።

ቤዝመንት ወረድኩ። ዕቃዬ በአንድ ሻንጣ ያልቃል። አሮጊቷ ጋ መደወል አሰብኩ፣ ግን ኤጀንሲው ደንበኛ ቤት ማደር ይከለክላል፤ ብደውልስ ምን እላቸዋለሁ? ቤልትስቪል ከተማ የምትኖር የሥራ ጓደኛዬ አንዴ ሶፋዬ ሁሌም ባዶ ነው ብላኝ ነበር። ደወልኩላት፣ አላነሳችም። ቴክስት አደረግኩላት። ስልኩን እያየሁ ትንሽ ቆየሁ። መልስ የለም።

ስወጣ ኮቱን አጥፌ ሳሎኑ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ፣ የቤቱን ቁልፍ በላዩ። ውጭ ነፋሱ የዛፉን ቅጠል በሙሉ አውርዶት በረንዳው ላይ ይገፋዋል። በሩን ስከፍት እትዬ ከኋላዬ ደረሱና ኮቱን ደረቴ ላይ ጣሉት።

«ልበሺ! ብርድ ገድሎሽ እኛን ልታስጠይቂን ነው?»

«የእርስዎ ነው እኮ።»

«ልበሺ አልኩሽ!»

እጄን አስገባሁ። የኮቱን ቁልፎች ራሳቸው ቆለፉልኝ፣ ከታች እስከ አንገቴ፣ ፊቴን ሳያዩ። እጃቸው ገና እርጥብ ነበር። ሻንጣዬን አንስቼ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄድኩ።