ግመል የሚያስለቅስ መሰንቆ

ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ጻካኔ

የባህል ትርዒት አልወድም፤ አንድ ሕዝብ በበዓል ልብሱ ፈገግ እያለ ሲሸጥ የማይ ይመስለኛል። ዛሬ ወደ ክሊፕታውን የምሄደው በጎረቤቴ በጴጥሮስ ምክንያት ነው። የሆሳዕና ሰው ነው፤ በሳምንቱ እዚህ በስደት ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ የሰፈር ሱቁን ይጠብቃል፣ እሑድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ዘፈን ኃጢአት ነው ብሎ ያምናል። የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጁ ሩት ግን ከሞንጎልያ ከመጣ ቡድን ጋር ስትለማመድ ሰንብታ ዛሬ መድረክ ትወጣለች።

«አይቼ እወስናለሁ። ትክክል ካልመሰለኝ ይዣት እመለሳለሁ» አለኝ። እኔ እንደ ምስክር ተጠርቻለሁ።

መንገድ ላይ

በጴጥሮስ ፒክአፕ የፊት ወንበር ሦስታችን ተጣብበን ብራክፓን ከተማን አለፍን። ከማዕድን ጉድጓድ የወጣው ቢጫ አፈር ኮረብታ ሆኖ ተከምሯል።

«ጋሼ፣ ቋንቋው ካልገባን ዘፈን ይሁን መዝሙር በምን እናውቃለን?» አለኝ ጴጥሮስ።

«ሽማግሌው አንተ ነህ። እኔን የትራፊክ ደንብ ጠይቀኝ።»

«አባ፣ ጭፈራው ቁጭ ብለው ነው» አለች ሩት። «ትከሻና እጅ ብቻ። የሚኖሩበት ድንኳን ጠባብ ስለሆነ ነው።»

«ወገብ የለበትም?»

«የለበትም።»

«ጥሩ ድንኳን ነው» አለ።

አምስት ሰዓት፣ ክሊፕታውን

አዳራሹ በር ላይ ማጉዊኛ የሚሉትን የተጠበሰ ሊጥ በሁለት በሁለት ራንድ ገዝተን ገባን። ከሞንጎልያ ቡድን አንድ አዛውንት አናቱ ላይ የፈረስ ራስ የተቀረጸበት ባለ ሁለት ክር መሰንቆ ይገዘግዛሉ። ድምፁ ወፍራም ነው፤ አይለማመጥም። ጴጥሮስ የመኪናውን ቁልፍ ጨብጦ በሩ ላይ ቆመ።

«ሩት፣ አባባን ጠይቂያቸው። ይህ ለማን ነው?»

በእንግሊዝኛ ጠይቃ መለሰችለት። «ለግመል ነው። በምጥ የተሠቃየች ግመል አላጠባም ብላ ልጇን ስትገፋ አጠገቧ ይጫወቱላታል። አልቅሳ ታጠባዋለች።»

«እምቢ ካለችስ?» አልኩ እኔ፤ ልማዴ ነው።

አዛውንቱ የመሰንቆውን ደጋን ሳያቆሙ መለሱ። «በማግስቱ እንደገና እንጫወታለን ይላሉ» አለች ሩት።

ጴጥሮስ ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ። «እኛም ቤት ላሟ ጥጃዋን ስትረግጥ እናቴ ሆዷን እያሻሸች ታንጎራጉርላት ነበር።»

«ዘፈን ነበር?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። ጥጃው ግን አደገ።»

ቁልፉን ኪሱ ከቶ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሩት ሰማያዊ ካባ ለብሳ ወጣች፤ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣ በጭፈራው በባዶ እጆቿ ወተት አለበች፣ ልጓም ሳበች። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ጴጥሮስ አላጨበጨበም። ዓይኑን ግን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

ዐሥር ሰዓት፣ ጻካኔ

ሙዚቃ ለምን ይጠቅማል በሚለው ላይ ብዙ አንብቤአለሁ። የእነዚህን የግመል እረኞች ያህል አጥጋቢ መልስ የሰጠኝ ፈላስፋ የለም፦ ግልገሉ ጠባ ወይስ አልጠባም?

ሱቁ ደጅ ስንቆም ሩት አባቷን ቀና ብላ አየችው። «ነገ ቤተ ክርስቲያን ቢጠይቁህስ?»

«ሳይጠይቁኝ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

«ሽምግልናውን ቢወስዱብህ?»

«ከኋላ እቀመጣለሁ» አለ ሞተሩን እያጠፋ። «መዝሙሩ ከኋላም ይሰማል።»