ወባ ይዞኝ የአብርሃምን እቅፍ ስፈልግ

መጀመሪያ ብርድ ብርድ አለኝ። ጊደር መጋላ ገበያ ማሽላ ልገዛ ቆሜ፣ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ጣቴን ወግተው ወባ ነው አሉኝ። ኪኒን ሰጥተው «ጠዋትና ማታ ይዋጡ፤ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር» አሉ።

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ሚስቴ ዘውዲቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድም ፍልሰታ ሳትገድፍ የሞተች ሴት ናት። እኔ ደግሞ እሷ ካለችበት መድረስ ነው የምፈልገው፤ ሌላ ምኞት የለኝም። ስለዚህ የጠዋቱን ኪኒን ተውኩት። የማታውን ከቅዳሴ ስመለስ በውሃ ዋጥኩ። ልጄ አልማዝ «አባዬ፣ ሐኪም ያዘዘህን አድርግ እንጂ!» ብትለኝ፣ «ሐኪም ገነት አያስገባኝም» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ራሴን አላውቅም።

ወባው ጭንቅላቴ ገባ። ሴሬብራል ማላሪያ ይሉታል። ሆስፒታል ሲያስገቡኝ አላስታውስም። ጥሙን ግን አስታውሳለሁ። ገደል አየሁ። ማዶ ምንጭ አለ። ዘውዲቱ ምንጩ ዳር ተቀምጣለች። አታየኝም። ውሃ አልኩ። ሐኪሟ «እንዳታጠጧቸው፣ ሳንባቸው ይገባል» አለች። አልማዝ ጣቷን ውሃ ነክራ ምላሴን አረጠበችው።

በዚህ አወቅሁ። በአብርሃም እቅፍ ያለው አልዓዛር በጣቱ ጫፍ ምላሱን እንዲያበርድለት የለመነው ባለጠጋ እኔ ነኝ አልኩ። ያ ሰው ሲኦል ነው ያለው። ግን እኔ ምን ባለጠጋ ነኝ? ያለችኝ ፈላና በር አጠገብ አንዲት ክፍል ናት።

«አባት አብርሃም!» ብዬ ጮህኩ አሉ። አጠገቤ የተኛው የድሬ ጠያራ ገበሬ፣ ኢብራሂም፣ «አለሁ ወላሂ፣ ምን ልሁንልህ?» አለኝ። መልስ ስሰማ ጭራሽ ዞረብኝ።

አርቴሱኔት የሚሉትን የወባ መድኃኒት በደም ሥር ሰጡኝ፤ ግሉኮስም ሰቀሉልኝ። ትኩሳቱ ሲለቀኝ መጀመሪያ የለየሁት የአልማዝን ድምፅ ነው፤ ቀጥሎ የኢብራሂምን ሳል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ በሁለት ትራስ ተደግፌ መቀመጥና ሾርባ መጠጣት ጀመርኩ፤ ሾርባውም የጾም ነው፣ ጠይቄ ነው የጠጣሁት። ሐኪሟ «አባባ፣ አሁን ኪኒኑን ሳያቋርጡ ይጨርሳሉ፤ በወተት» አለችኝ። ጾም ነው፣ አይሆንም አልኩ። «እንግዲያው ተመልሰው ይመጣሉ፤ ያኔ ላናተርፍዎ እንችላለን» አለች።

አልማዝ የነፍስ አባቴን ጠርታ አመጣች። እኔ ስለ ወተቱ ሳይሆን ዘውዲቱ አሁን የት እንዳለች ጠየቅኋቸው። እሳቸውም የጥንት እስራኤል ጻድቁም ኃጥኡም ሲኦል ይወርዳል ይሉ እንደነበር፣ በኋላ ግን ጻድቃን ለብቻቸው በአብርሃም እቅፍ ያርፋሉ እንዳሉ፣ ጌታ ነፍሳትን ከሲኦል ካወጣ ወዲህ ደግሞ ጻድቃን በገነት ትንሣኤን እንደሚጠብቁ አስረዱኝ።

«ታዲያ እቅፉም አብሮ ወጣ?» አልኳቸው።

«አንተ ሰው፣ ወባው ገና አልለቀቀህም!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ኪኒኑን አነሱ። «ስማ በቀለ፣ አብርሃም እንግዶች ሲመጡበት ያቀረበው ወተት አይደለም? ወተት ጠጣህ ብሎ ከእቅፉ የሚያባርርህ ይመስልሃል? ጾም በበሽተኛ ላይ አልተጫነም። ፈትቼሃለሁ፤ ጠጣ!»

ኢብራሂም ሚስቱ ካመጣችለት ወተት በስኒ ቀዳልኝ። «በል እንግዲህ፣ ቄሱም ፈቀዱ» አለ። ኪኒኑን አፌ አድርጌ ጠጣሁ። ጣፈጠኝ፤ በመጣፈጡም ትንሽ አፈርኩ።

ሐኪሟን፣ አልማዝን፣ የነፍስ አባቴን፣ ኢብራሂምንም እግዜር ይስጥልኝ። ወባ ይዟችሁ ይህን የምታነቡ፣ ኪኒኑን እንደታዘዘ ዋጡ፤ ጾም ከሆነባችሁ እንደ እኔ ራሳችሁ አትፍረዱ፣ ቄሱን ቀድማችሁ ጠይቁ። ስለ ገነትና ስለ እቅፉ ዛሬም ይምታታብኛል፤ ነጋ ጠባ አስባለሁ፣ አልጨበጥ ይለኛል። ዘውዲቱ ግን ካለችበት ትቆየኝ። ኪኒኔን ሳልጨርስ አልመጣም።