የሐሚድ ጥንቸል

ልጅ ሆኜ ካሳለፍኳቸው ቀኖች ሁሉ አጥርቼ የማስታውሰው ምንም ያልተፈጠረበትን አንዱን ቀን ነው፤ ቢያንስ እስከ ማምሻው ድረስ። ጠዋት ስነሳ ታላቅ ወንድሜ ሐሚድ ከጎጆው ጀርባ ተንበርክኮ የጥንቸሏን ጆሮ ወደ ፀሐይ ይዞ ያያል። ጆሮዋ ውስጥ የሚታዩት ቀያይ ክሮች ትናንትም እንዲህ ነበሩ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። አፍንጫዋ ለምን አያርፍም አለኝ። እሱንም አላውቅም አልኩት።

"ታዲያ አንተ ምን ታውቃለህ?" አለና ጆሮውን ደረቷ ላይ አስደገፈ። "ልቧ ይሮጣል። ቁጭ ብላ ልቧ ወዴት ነው የሚሮጠው?"

ማሽላው ገብቶ ነበር። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ ሰዎች የአሶሳን የዚያን ወቅት ሽታ ታስታውሳላችሁ፤ የተወቃ ማሽላ አቧራ፣ የደረቀ ቀርከሃ፣ ከሩቅ ደግሞ የሚቃጠል ሣር። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያቆም ሜዳው በእሳት ይጸዳል። ሰማዩ ይጠቁራል፣ ጥላሸቱ ልብሳችን ላይ ያርፋል፣ እኛ ልጆቹ እጃችንን ዘርግተን እንቀበለው ነበር። የደጋ ወታደሮች ወደ አገራችን ከመጡ ገና ብዙ አልቆዩም። ቤት ውስጥ የምንናገረው በርታ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት በኋላ ነው። እዚህ የማወጋውን ንግግር ሁሉ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ጥንቸሏ የመጣችው ከሱዳን በኩል ነው። ጨውና ጨርቅ በአህያ የሚያመጡ፣ ጀላባ የምንላቸው ነጋዴዎች መንደራችን አጠገብ ሲያድሩ ሐሚድ ጭነት ያወርድላቸው ነበር። ከእነሱ አንዱ ለአንድ ትልቅ ሰው ስጦታ ብሎ በቅርጫት ሁለት ነጫጭ ጥንቸሎች ይዞ ተነስቶ ኖሮ አንደኛው መንገድ ላይ ሞተ። ሁለተኛዋ ጎኗ ላይ ተኝታለች። ነጋዴው "ውሰዳት፣ እስከ ማታ ትሞታለች" አለው ለሐሚድ። ሐሚድ ከቀሚሱ ሥር ደብቆ አመጣት። ነጋዴው በዓረብኛ አርነብ፣ ጥንቸል ማለቱ ነው፣ ብሎ ስለጠራት እኛም ስሟ አደረግነው።

እስከ ማታ አልሞተችም። ሐሚድ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማታው የምትሞት ይመስለው ነበር።

እኛ የምናውቀው የዱሩን ጥንቸል ነው። ቡናማ ነው፣ ውሻ ሲያሳድደው ለአፍታ ታየዋለህ፣ ከዚያ የለም። ነጭ፣ ዓይኗ ቀይ፣ ቁጭ ብላ የምታይህ ጥንቸል አይተን አናውቅም። እናታችን "ዓይኗ ታሟል" አለች። ሐሚድ በጨው ውሃ ያጥብላት ጀመር፤ ዓይኗ እንደቀላ ቀረ። አዳኙ አጎታችን ኢድሪስ ደግሞ ጥንቸል ውሃ አይጠጣም፣ ጤዛ ይበቃዋል አለ። ሐሚድ አምኖ ውሃ ከለከላት። በማግስቱ እናታችን የእንስራውን እርጥብ ጎን ስትልስ አገኘቻትና "ያ ኢድሪስ! አንተ ኢድሪስ! ጤዛህ እንስራዬ ላይ ወርዷል" ብላ ጮኸች። አጎቴ እስኪያለቅስ ሳቀ።

አንድ ጊዜ ሐሚድ የራሷን ፍግ ስትበላ አያት። ፊቱ ተለወጠ። ቁርኣን ወደሚያስተምሩን ፈቂ ሮጦ ቤታችን ረክሶ እንደሆነ ጠየቃቸው። ፈቂው ሰሌዳቸውን አስቀመጡ። ከዚያ፣ "ያ ሐሚድ፣ እኔን ስለ ሰው ጠይቀኝ" አሉት።

ሁላችንንም የገረመን ግን እግሯ ነበር። እህል ሲገባ መንደር ለመንደር የቅል መለከት ይነፋል። ወንዶቹ እየነፉ ክብ ሠርተው ይዞራሉ፣ በእግራቸው መሬት ይመታሉ፣ መሬቱ ከሥርህ ይሰማሃል። መጀመሪያ በደጃችን ሲያልፉ አርነብ የኋላ እግሯን አንስታ መሬቱን ድው አደረገችው። እንደገና ድው። ሰው ሁሉ ቆመ። "ወላሂ ትጨፍራለች!" አለ አንዱ። "ከኢድሪስ ትሻላለች፣ እሱ እስከ ዛሬ እግሩን አላገኘውም።" ከዚያ በኋላ ልጆች ከሌላ መንደር ሳይቀር ሊያይዋት ይመጡ ነበር። ሁላችንም ሳቅን።

ሐሚድ አልሳቀም። እግሯን ይዞ አጥንቷን በጣቱ ዳሰሰ፤ ስብራት አላገኘም። ማታ ለእናታችን "ስትጨፍር ዓይኗ ይፈጣል" አላት። "የሚጨፍር ሰው ዓይኑ እንዲህ አይሆንም።" እናታችን "ሰው መቼ ሆነች?" አለችው።

አርነብ ከጎተራው ሥር ጉድጓድ ቆፍራ ትገባበት ነበር። በዚያ ሰሞን ደግሞ የደረቷን ፀጉር በጥርሷ ትነጭ ጀመር። ሐሚድ እከክ ነው፣ ወደ ፍየሎቻችንም ይጋባል ብሎ እህል አልቀምስ አለ። በዚያ በነገርኳችሁ ቀን ጠዋት ጆሮዋን ያይ የነበረውም ለዚሁ ነው። በመጨረሻ እናታችን መጥታ ጎንበስ ብላ አየች። አርነብ በአፏ ሣርና ፀጉር ሞልታ ወደ ጉድጓዱ ትገባለች።

"የወንድ ነገር!" አለች እናታችን። "አልጋ እያነጠፈች እኮ ነው። ልትወልድ ነው። በቅርጫቱ ውስጥ ብቻዋን አልነበረችም አላልክም?"

የዚያን ቀን ሌላ ወሬ አልነበረም። ሐሚድ ሣር አጭዶ መጣ፣ ተመልሶ ሌላ አጨደ። ልጆቿን ለማን ለማን እንደሚሰጥ፣ ማን መስጠት እንደማይገባው ይቆጥራል። አጎታችን ኢድሪስ ለምሳ መጥቶ "አንዱ የእኔ ነው፣ ጨው አለኝ" አለ።

"ጨውህን ብቻህን ብላ፣ አጎቴ።"

"አንተ ልጅ፣ አጎትህን በጨው ልትሸኝ?"

ማምሻውን መለከቱ ከሩቅ ተሰማ። አርነብ ከጉድጓዱ ውጭ፣ አፉ አጠገብ፣ ፀጉሯ ቆሞ ተቀምጣ መሬቱን ትመታለች። አታቆምም። እናታችን ከደጅ ሆና "ወለደች! ደስ ብሏት ትጨፍራለች!" አለች። ሐሚድ አየኝ። ያን ጊዜ እሱም አመነ መሰለኝ። በደረቱ ተኝቶ እጁን እስከ ብብቱ ወደ ጉድጓዱ አስገባ።

"ፀጉሩ ይሞቃል" አለኝ።

ከዚያ እጁን አወጣ። "ነከሰችኝ" አለ። አልፈራም ነበር። እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነበር፣ የጥንቸል ልጅ የነከሰችው መስሎት። እጁ ላይ ሁለቱን የደም ነጥብ ያየው እኛ ጋ የዋለው ኢድሪስ ነው። ክንዱን በገመድ አሰረ። ፈቂው መጡ። ከዚህ በኋላ ያለውን ባልጽፈው ይሻላል። ሲነጋ ሐሚድ አልነበረም።

ጉድጓዱን በዶማ ከፍተው እባቡን ገደሉት። ሣሩ ሲቃጠል ከሜዳው ሸሽቶ የገባ ነው አሉ። ከእሱ ሌላ ያገኙት ነጭ ፀጉርና ሣር ብቻ ነው።

ካደግሁ በኋላ ወደ ከተማ ሄጄ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ገባሁ። የተከራየሁበት ግቢ ጥንቸሎች ነበሩ፣ በሳጥን። አንድ ቀን ውሻ በአጥሩ ሲያልፍ አንዷ እግሯን ድው አደረገች። የቤቱን እመቤት ምን ሆና ነው ብዬ ጠየቅኋት። "ፈርታ ነዋ" አለችኝ፣ ልብስ እያሰጣች። "ሲፈሩ ነው እንዲህ የሚያደርጉት። ለሌሎቹ መንገራቸው ነው።" እሺ ብዬ ገባሁ። ያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄድኩም።

መለከቱ ዛሬም በአገራችን ይነፋል፣ ሰዉም በእግሩ መሬት ይመታል። ደስ ይላል፤ እኔም አገሬ ስገባ ቆሜ እሰማለሁ። ያን ጊዜ ያልገባንን ሁሉ ጭፈራ እንለው ነበር። አሁን የብዙውን ነገር ምክንያት አውቃለሁ። ግን ሰው በሳቀበት ነገር ብቻውን የሚጨነቅ፣ የእንስሳ ልብ ወዴት ነው የሚሮጠው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሌላ አላጋጠመኝም።

ሐሚድ የሞተ ዕለት ጠዋት ትንሽ ነህ ብለው ቀብር አልወሰዱኝም። ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። አንዲት ጎረቤታችን "ያቺን ነጭ ነገር ሳይውል ሳያድር አርዷት፣ እሷ ናት ያመጣችው" አለች። እናቴ የሰማች አይመስለኝም። አርነብ ከፈረሰው ጉድጓድ አጠገብ ቁጭ ብላለች። ከትናንት ማታ ጀምሮ ሣር የሰጣት የለም።

ማጭዱን ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ። በዚያ ወቅት ለምለም ሣር ያለው እዚያ ብቻ ነው። እጄን ከመስደዴ በፊት ሣሩን በእንጨት መታሁት፣ ትንሽ ቆየሁና አጨድኩ። ይዤላት መጣሁ። ብዙ ጊዜ አልነካችውም። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ እኔ ሣሩን ወደ እሷ እገፋለሁ። ከዚያ አንዱን ጫፍ ያዘች፣ ሌላውን አስከተለች። እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ሰዎቹ ከቀብር ሲመለሱ እኔ ሁለተኛውን ሸክም ይዤ ከወንዙ ስወጣ ተገናኘን። አጎቴ ኢድሪስ ከመንገዱ ወጥቶ አሳለፈኝ።