የራፐሯ ፈቃድ

ለፊልም ሙዚቃ መምረጥ ሥራዬ ነው። ባለፈው ክረምት የያዝኩት ፊልም ግን በአንድ ትዕይንት ቁም ስቅሌን አሳየኝ። አንዲት ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ከቀራንዮ ቤቷ ትወጣና ጦር ኃይሎች ላይ ታክሲ ትሳፈራለች። ንግግር የለም። ዳይሬክተሩ ራፕ ይሁን አለ።

የአትላንታ ራፐሮችን ወፍራም የቤዝ ድምፅ ሞከርኩ፤ ሰው የሚያሳድዳት አስመሰለው። የኒውዮርኮቹን ሞከርኩ፤ ጥሩ ነበር፣ ግን መንገዱ የኛ መንገድ መሆኑ ቀረ። የአዳማ ልጆች በኦሮምኛ የሚሠሩት ደግሞ ያስጨፍራል፤ የፊልሟ ልጅ ግን ከቤቷ እየተለየች ነው።

በመጨረሻ የድሮው ስልኬ ላይ የቀረ አንድ ቅጂ ትዝ አለኝ። ሰፈራችን ውስጥ አማርኛና ስልጥኛ እየቀላቀለች ራፕ የምታደርግ ጓደኛ ነበረችኝ። ምቱ ጠረጴዛ በእጅ እየተደበደበ የተቀዳ ነው፤ ከኋላ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይሰማል። "አባቴ በሩን ቆለፈብኝ" ትላለች። ከምስሉ ጋር ሳገጣጥመው ልክክ አለ። ዳይሬክተሩ ደጋግሞ አየውና "በቃ፣ ሌላ እንዳታመጪ" አለኝ።

ችግሩ፣ እሷን አላስፈቀድኩም። ራፕ ከተወች ዓመታት አልፈዋል፤ አሁን ኮልፌ ውስጥ ከአባቷ ጋር ጨርቅ ትሸጣለች። ያንን ዘፈን እሳቸው ባሉበት እንዴት አነሳዋለሁ? ብዙ ቀን ካመነታሁ በኋላ፣ ለሶላት የሚወጡበትን ሰዓት ጠብቄ ሄድኩ።

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ስታደርግ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ይሄ እስካሁን አለ እንዴ?"

"አንቺው ነሽ የላክሽልኝ።"

በድንጋጤ ስትነቅለው ገመዱ ከስልኩ ወጣ፤ ድምፁ ሱቁን ሞላው። ቀና ስል አባቷ በሩ ላይ ቆመዋል። ለማጥፋት ስንደፋደፍ "ተይው ልጄ፣ ይጨርስ" አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"የቆለፍኩት እኔ ነኝ?"

"ለራፕ ውድድሩ ልወጣ ስል በሩ አልከፈት አለኝ፣ አባዬ። ከዚያ በፊት 'አትሄጂም' ብለውኝ ነበር።"

"ብያለሁ፤ አልክድም። መቆለፍ ግን አልቆለፍኩም። ያ በር እንጨት ነው፤ ዝናብ ሲመታው ያብጣል። ቁልፉ እኮ አንቺ ሳትወለጂ ነው የጠፋው!"

ማዳመጫውን አስቀመጠች።

"ታዲያ ለምን እስካሁን አልነገሩኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ? ኩርፊያሽን አይቼ፣ ስለከለከልኳት ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

ድንገት ሳቀች። ስትስቅ እንባዋ መጣ፤ በተዘረጋው ጨርቅ ጫፍ ጠረገችው። እኔም ዘፈኑን ለፊልም ፈልጌው ፈቃዷን ልጠይቅ እንደመጣሁ ነገርኳቸው።

"ግጥሙን ላስተካክለው ይሆን?" አለችኝ።

መልሱን የሰጡት አባቷ ናቸው፦ "አይነካ። ያኔ ያመንሽው እንደዚያ ነው። ይልቅ ፊልሙ በሚታይበት የመጀመሪያ ቀን ጥሩኝ፤ እኔም ልየው።"

ይዤው የሄድኩት የፈቃድ ወረቀት ላይ ፈረመችልኝ። መንገድ ላይ ሆኜ ለዳይሬክተሩ ስደውልለት "እሰይ፣ እሰይ" ይል ነበር። ዞር ብዬ ሳይ አባትና ልጅ ገና ስለ በሩ ይከራከራሉ፤ እሷ የሱቁን በር በእጇ እየገፋች ያኔ እንዴት እንዳልተከፈተላት ታሳያቸዋለች፣ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ነው ትከሻዬ ስንት ቀን ተወጥሮ እንደከረመ ያወቅኩት። የምወርድበት ፌርማታ እንኳን አለፈኝ፤ ግድም አልሰጠኝ።